መለየት

ሰኔ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሞንቴቪዴዮ ላይ፤
ማዶ የሌለው ወንዝ ይተነፍሳል፣ መልኩ የደፈረሰ ሻይ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ዳርዶ መሪውን ጨብጧል፤
በጉልበቴ መካከል የማቴ ቅላችን ይጤሳል።
ከመኪናው ጀርባ፣ ከአፏ በላይ፣ በአራት ብሎን ታስሮ
አንድ ዐይን ይጠብቃል፣ ሽፋሽፍት ሳይኖረው፣ ሳይተኛ አድሮ።

ገንዳው ሽቅብ ወጥቶ በአፍጢሙ ሲደፋ
ዐይኑ ይሻማዋል፣ አንዲት ሳትጠፋ፤
እፊቴ ባለው ሰሌዳ ላይ በአረንጓዴ መስመር እየከበበ
ለየአንዳንዱ ስም ያወጣል፣ ጥርጣሬውን በቁጥር እየገደበ፦
«ካርቶን፣ ዘጠና ሁለት። ቆርቆሮ፣ ስድሳ አራት።»
ልክ ከሆነ እነካለሁ፤ ከሳተ፣ አርማለሁ ስሕተት።
አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፤
ይኼው ዛሬ አስተማሪ ሆንሁ፣ ብረትን ፊደል አስቆጠርሁት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም።
ሃያ ሁለት ዓመት በጋሪ፤ ከፊቴ ቶርዲሾ፣ አመድማው ፈረሴ፣
ከኋላዬ የከተማው ትራፊ፣ መሀል ላይ እኔና ነፍሴ።
ዐይን ምን ያደርግልኛል? ክንዴን እስከ ክርኔ
ጥቁር ፌስታል ውስጥ ስሰድ ጣቶቼ ነበሩ ዐይኔ።
ቆርቆሮ በቅዝቃዜው፣ ላስቲክ በጩኸቱ፤
ጠርሙስ ሲነካ ያቃጭላል፤ ካሳለ፣ ተሰንጥቋል ደረቱ።
እርጥብ ጋዜጣ ሚዛን ላይ ጥዬ ገዢውን የሸወድሁበት ቀን
አልጸጸትም፤ እሱም በድንጋዩ ሸውዶኝ ነው የተካከልን።

ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መጣ። «ጋሪ ይበቃል» አለ።
ፈረሱን ላስረከበ ደሞዝ፣ ቱታ፣ የጡረታ ደብተር አለ።
ፈረምሁ። ቶርዲሾን በጭነት መኪና ወደ ገጠር ወሰዱት፤
ጆሮውን እንኳ አላዞረም፤ በሣር ሳይሆን አልቀረም የሸነገሉት።
ዕድሜዬን ስለይ ኖሬ፣ ጠርሙስ ከወረቀት፣ ብረት ከአጥንት፣
ከሱ መለየት ግን ሌላ ነው፤ አልነበረኝም ትምህርት።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናብ ነበር። ገንዳው ተቀርቅሮ
ወርጄ በትከሻዬ ስገፋው፣ ቢጫው የዝናብ ልብሴ በነፋስ ተወጥሮ፣
ዳርዶ ከውስጥ በሣቅ ፈረሰ፤ «ሚርታ፣ ነዪ፣ ጉድሽን እዪ!» አለኝ።
ያ ተማሪዬ፣ ያ ዐይን፣ ከራስ እስከ እግሬ በአረንጓዴ ከቦ ያዘኝ፦
«ፕላስቲክ፣ ዘጠና አንድ።»
እኔም ሣቅሁ። ሣቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ መንገድ እንደዘጋ ግንድ።
ላርመው ተቀመጥሁ። ምርጫው አምስት ነው፦
ወረቀት፣ ጠርሙስ፣ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ «ሌላ»።
«ሰው» የሚል አጣሁ፣ ጣቴን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ባመላልስ።
«ሌላ»ን ነካሁ።

ይማራል ግን። አልዋሽም። ትናንት ከእርጥብ ቅጠል ሥር
እኔ ያላየኋትን የሳርዲን ቆርቆሮ አየ፣ ጠርዟ ብቻ ሲያበራ፣ ጥፍር የምታህል ክር።
ቀናሁ። ኮራሁም። ሁለቱን ለዪ ቢሉኝ
እኔም እንደሱ ስድሳ አራት ከመቶ ነው የሚታየኝ።

ዛሬ ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ ኦሮስማንን አየሁት፣
የድሮ የጋሪ ጓደኛዬን፤ እስከ ወገቡ ገንዳው ውስጥ ጠልቆ፣ በጀርባው ነው ያወቅሁት።
ፈረሱን አላስረከበም፤ ሞተበት። ስለዚህ ደሞዝ የለው፣ ቱታ የለው፤
የእኛ መኪና ከቀደመችው ቁርሱን ነው የምትውጠው።
«ዳርዶ» አልሁት፣ «ማቴው ቀጥኗል፤ ቅጠሉን እንለውጥ እስቲ።»
ገባው። ሞተሩን አጠፋ። መብራቱንም።
ኦሮስማን ካርቶኑን አጣጠፈ፣ በጉልበቱ እየተጫነ፣ ሳይቸኩል፤
አንድ ጠርሙስ አንሥቶ በጥፍሩ መታት፤ አዳመጠ፤ አላሳለችም፤ ከተታት እቅፉ መሀል።

ሰሌዳው ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦
«መዘግየት፣ አራት ደቂቃ። ምክንያት?»
ምርጫዎቹን አነበብሁ፦ ብልሽት፣ ትራፊክ፣ አደጋ።
ከሥር «ሌላ» አለ።
ነካሁት።